ሚስዲሚነር ደንብ መተላለፍ አይደለም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ግሪን ካርድ ካገኘሁ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ የምተዳደረው ሰው በመኪናዬ በማመላለስ ነው። ባለፈው ወር ሌሊት ላይ 55 ማይል በተፈቀደበት መንገድ በ76 ስነዳ ፖሊስ አስቆመኝና አንድ ወረቀት አስፈርሞ ሰጠኝ። ወረቀቱ ‹ኮመንዌልዝ ኦፍ ቨርጂኒያ› ይልና ክሱን ‹ሬክለስ ድራይቪንግ› ይለዋል። ከዚያ ወዲህ የማላውቃቸው ጠበቆች ‹ክላስ 1 ሚስዲሚነር ነው› እያሉ በፖስታ ማስታወቂያ ይልኩልኛል። ጓደኛዬ ሚስዲሚነር ማለት ደንብ መተላለፍ ነው፣ ያውም አንደኛው ደረጃ፣ ቀላሉ፤ በኢንተርኔት ክፈልና ተገላገል ይለኛል። ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ በዚሁ ፍጥነት ተይዞ መቀጮ ከፍሎ አልፏል። ኒው ዮርክ ያለው ወንድሜ ደግሞ የእኛ ጉዳይ የሚታየው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው ብሎ አስደነገጠኝ። ፈርሜያለሁና ጥፋቴን አምኛለሁ ማለት ነው? ኮመንዌልዝ የሚባለው ፌዴራል መንግሥቱ ነው? ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የይቅርታ ደብዳቤ ብጽፍስ ይሰረዝልኛል?»

ምላሽ፦ ጓደኛዎ ተሳስቷል፤ ስህተቱም በገንዘብ ብቻ የሚታለፍ ዓይነት አይደለም። ሚስዲሚነር ወንጀል ነው። ከከባዶቹ ጎን አይሰለፍ እንጂ ወንጀል ነው፤ ጥፋተኛ ከተባሉ በስምዎ የወንጀል መዝገብ ይኖራል። በኢንተርኔት ከፍሎ መገላገሉም አይሆንልዎትም። በቨርጂኒያ ሬክለስ ድራይቪንግ፣ ማለትም በግድየለሽነት ማሽከርከር፣ አስቀድሞ ተከፍሎ ከሚዘጋው የጥፋት ዝርዝር ውስጥ የለም። በቀጠሮው ቀን ችሎት መቅረብ አለብዎት፤ ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ራሱን የቻለ ሌላ ክስ ያመጣል።

የስህተቱ ምንጭ አይጠፋኝም። በአገራችን የወንጀል ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 414/1996፣ ደንብ መተላለፍ የራሱ ክፍል ተሰጥቶት ከወንጀል ተለይቶ ተቀምጧል። ስለዚህ «ትንሹ ጥፋት» ሲባል የሰው ሐሳብ ወዲያው ወደዚያ ይሄዳል። ቨርጂኒያም ደንብ መተላለፍን የሚመስል ነገር አላት፤ ስሙ ግን «ትራፊክ ኢንፍራክሽን» ነው። የግዛቲቱ ሕግ ይህ ጥፋት በባሕርዩ ወንጀል እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል፤ ቅጣቱም መቀጮ እንጂ እስር አይደለም። በዚያው መንገድ ላይ በ65 ቢነዱ ኖሮ የሚጠብቅዎት እሱ ነበር። ከተፈቀደው በላይ 20 ማይልና ከዚያ በላይ ከነዱ፣ ወይም የተፈቀደው ምንም ያህል ቢሆን ከ85 ካለፉ ግን፣ ሕጉ ድርጊቱን በግድየለሽነት ማሽከርከር ይለዋል። እርስዎ ያለፉት 21 ማይል ነው። ከደንብ መተላለፍ ወደ ወንጀል የተሻገሩት በሁለት ማይል ልዩነት ነው፤ በ74 ቢያዙ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር።

«አንደኛ ደረጃ፣ ቀላሉ» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው፤ ቁጥሩን ገልብጦ ማንበብ ነው። ቨርጂኒያ ሚስዲሚነርን በአራት ደረጃ ትከፍለዋለች፤ ከባዱ 1ኛው ነው። 3ኛውና 4ኛው መቀጮ ብቻ ያላቸው ሲሆኑ፣ የ1ኛው ጣሪያ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ነው። ጣሪያ ማለቴን ልብ ይበሉ። ያለፈ ታሪክ ለሌለው ሰው በዚህ ፍጥነት እስር መፍረዱ የተለመደ አይደለም። ሆኖም በኋላ እንደምነግርዎ፣ አንዳንዱ ሕግ የሚጠይቀው የተፈረደብዎን ብቻ ሳይሆን ሊፈረድብዎ ይችል የነበረውንም ነው።

ከሚስዲሚነር በላይ ያለው ፌሎኒ ነው፤ ከባድ ወንጀል ልንለው እንችላለን። የቨርጂኒያ ሕግ ሁለቱን የሚለየው በሚታሰሩበት ቦታ ነው። በግዛቲቱ ማረሚያ ቤት የሚያስቀጣው ፌሎኒ፣ የቀረው ወንጀል ሁሉ ሚስዲሚነር ነው። አማርኛችን ለሁለቱም «እስር ቤት» ስለሚል ልዩነቱ ይጠፋል፤ እንግሊዝኛው ግን ለከተማውና ለካውንቲው ማቆያ «ጄል»፣ ለግዛቱ ማረሚያ «ፕሪዝን» ይላል። የእኛን ቀላል እስራትና ጽኑ እስራት ያስታውሳል፤ ቢሆንም በልኩ አይገጥምም፤ የእኛ ቀላል እስራት እስከ ሦስት ዓመት ይደርሳልና። የፍርድ ቤት ወረቀት መተርጎም የጀመርኩ ሰሞን እኔም ሚስዲሚነርን «ደንብ መተላለፍ» ብዬ በችሎት ያስተረጎምኩበት ቀን ነበር። የተከሳሹ ሽማግሌ ፊት በአንድ ጊዜ ሲፈታ አይቼ ነው ያልኩት የገባኝ። ዳኛውን አስፈቅጄ አረምኩት፤ የሽማግሌው ፊት ሲመለስ ማየት ግን ቀላል አልነበረም። ከዚያ ወዲህ «ቀላል ወንጀል» እላለሁ፤ «ወንጀል» የምትለውን ቃል አልዘልም።

ወደ ከሳሽዎ እንምጣ። ኮመንዌልዝ ፌዴራል መንግሥቱ አይደለም፤ ከእንግሊዝ ጋርም የሚያገናኘው የዛሬ ጉዳይ የለም። ቨርጂኒያ፣ ፔንሲልቬኒያ፣ ማሳቹሴትስና ኬንታኪ በየሕገ መንግሥታቸው ራሳቸውን የሚጠሩበት የቆየ ስም ነው። በሥልጣን ከሌሎቹ 46 ግዛቶች አይበልጡም፣ አያንሱም። ወረቀቱ ላይ የቆመው ከሳሽ የቨርጂኒያ ግዛት ነው፤ የተከሰሱትም በቨርጂኒያ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ የሚሰናከልበት ነገር አለ። ግዛትን እንደ ክልል እንቆጥረዋለን። ሁለቱም ሕገ መንግሥቶች ለማዕከሉ ያልተሰጠው ሥልጣን የአባላቱ ነው ስለሚሉ መመሳሰሉ እውነት አለው፤ የእኛው በአንቀጽ 52፣ የእነርሱ በ1791 በጸደቀው አሥረኛው ማሻሻያ። በወንጀል ሕግ ግን መንገዳቸው ይለያያል። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕጉን የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ክልሎች ሊጨምሩ የሚችሉት ያ ሕግ ባልነካው ጉዳይ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስም ይሁን ጅማ «ስርቆት» የሚለው ቃል ትርጉሙ አንድ ነው። በአሜሪካ ሃምሳ ግዛት ሃምሳ የወንጀል ሕግ አለው፤ የፌዴራሉ ደግሞ በላዩ አለ። አንዱ ግዛት ሚስዲሚነር ያለውን ሌላው ፌሎኒ፣ ሦስተኛው ምንም ሊለው ይችላል። የአክስትዎ ልጅ ያልዋሸዎት ለዚህ ነው፤ ሜሪላንድ በዚያ ፍጥነት ብቻ የምትሰጠው ወረቀት በአብዛኛው መቀጮ ተከፍሎ የሚያልቅ ነው። እውነቱ ግን ከወንዙ ማዶ የሚሠራ እውነት ነው።

በሥራዎ ይህን በየሌሊቱ ያቋርጡታል። ከአሌክሳንድሪያ ተሳፋሪ ጭነው በዋሽንግተን በኩል ሲልቨር ስፕሪንግ ሲያደርሱ በሦስት ሕግ ሥር አልፈዋል። ዋሽንግተን ደግሞ ጭራሽ ግዛት አይደለችም። ገዢ የላትም፣ ከንቲባ እንጂ፤ ምክር ቤቷ የሚያወጣውን ሕግ ኮንግረሱ ሊሽረው ይችላል፤ ከበድ ባለ ወንጀል የተጠረጠረን አዋቂ የሚከሰውም የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ነው። አሌክሳንድሪያን ከሜሪላንድ የሚያገናኘው የውድሮ ዊልሰን ድልድይ እንኳ መካከሉ ላይ የዋሽንግተንን ጫፍ ነካ አድርጎ ያልፋል። ሦስቱም ሕጎች በአንድ ድልድይ ላይ መሆናቸው ነው።

ፊርማው አያስጨንቅዎት። የተቀበሉት መጥሪያ ነው። የፈረሙት በቀጠሮው ቀን ለመቅረብ ቃል መግባትዎን ነው፤ ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ወረቀቱ ላይም ተጽፏል። ይልቁንስ መጥሪያው ላይ የሚጨነቁበት ሌላ መስመር አለ፤ የፍርድ ቤቱ አድራሻ። በቨርጂኒያ ከተሞች ከካውንቲ ውጭ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ እንዲህ ያሉ 38 ከተሞች አሉ፣ አሌክሳንድሪያም አንዷ ናት። ነገር ግን በፖስታ አድራሻው «አሌክሳንድሪያ» የሚባለው ሰፊ ሰፈር ያለው በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ጉዳይዎ የሚታየው ተያዙ በተባለበት ቦታ ነው፤ ቤትዎ ባለበት አይደለም። አሌክሳንድሪያ ፍርድ ቤት ማልዶ ደርሶ ስሙ ፌርፋክስ ሲጠራ ያልሰማ፣ ቀረ ተብሎ የተጻፈበት ሰው አንድና ሁለት ብቻ አላየሁም።

ወንድምዎ ስላለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት። ኒው ዮርክ «ሱፕሪም ኮርት» የምትለው ከፍ ያሉ ጉዳዮችን በመጀመሪያ ደረጃ የሚያየውን ፍርድ ቤት ነው፤ የመጨረሻው «ኮርት ኦፍ አፒልስ» ይባላል። እኛ ይግባኝ ሰሚ ብለን የምንተረጉመው እዚያ ቁንጮው ነው፤ ጠቅላይ የምንለው ከታች ነው። ተራ የፍጥነት ጉዳይ ግን እዚያም ወደ ሱፕሪም ኮርት አይሄድም፤ ስለዚህ ወንድምዎ በቃሉም በነገሩም ስቷል። ሜሪላንድም እስከ 2022 የመጨረሻ ፍርድ ቤቷን በዚያው በኮርት ኦፍ አፒልስ ስም ትጠራ ነበር፤ በዚያ ዓመት ኅዳር ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ስሙ ወደ ሱፕሪም ኮርት ተለወጠ። ቴክሳስ ሁለት የመጨረሻ ፍርድ ቤቶች አሏት፣ አንዱ ለፍትሐ ብሔር ሌላው ለወንጀል። የፍርድ ቤት ስም ከግዛቱ ተነጥሎ ምንም አይነግርዎትም።

የእርስዎ ጉዳይ የሚታየው በጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ነው። አንድ ዳኛ ያለ ዳኞች ሸንጎ፣ ማለትም ያለ ጁሪ፣ ያየዋል። ፍርዱ ካልተስማማዎት በ10 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪዩት ኮርት ይግባኝ ይላሉ። ይህ ይግባኝ ደግሞ ከምናውቀው ይለያል። የበላዩ ፍርድ ቤት የታችኛው ዳኛ የት ጋ ሳተ ብሎ መዝገብ አያገላብጥም፤ የታችኛው ችሎት ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ችሎት ስላልሆነ የሚገለበጥ መዝገብም የለውም። ጉዳዩ እንዳልተሰማ ተቆጥሮ ከሀሁ ይጀመራል፤ ከፈለጉም በጁሪ ፊት። 10 ቀኗ ግን አትለመጥም።

ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ያሉት የቨርጂኒያው «አቶርኒ ጄኔራል» የእርስዎን መዝገብ አያውቀውም፤ የማንሣትም የመሰረዝም ሥራው አይደለም። እሱ በዋናነት የግዛቲቱ መንግሥት ጠበቃ ነው። በየከተማውና በየካውንቲው ወንጀል የሚከሰው «ኮመንዌልዝስ አቶርኒ» ነው፤ ከላይ የሚሾመው የለም፣ የአካባቢው ሕዝብ በየአራት ዓመቱ ይመርጠዋል። በትራፊክ ጉዳይ እሱም ላይገኝ ይችላል፤ ያስቆመዎት ፖሊስ ቀርቦ ይመሰክርና ዳኛው ይወስናል። የይቅርታ ደብዳቤ ቢጽፉ የሚያገኙት ነገር ቢኖር በእጅዎ የጻፉትን የእምነት ቃል በሰው እጅ ማስቀመጥ ነው። አይጻፉ። በሕግ ትርጉሙ ይቅርታ ከፍርድ በኋላ የሚመጣ የገዢው ሥልጣን ነው፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት እንኳ በግዛት ሕግ የተፈረደን ሰው ይቅር ሊል አይችልም።

በደብዳቤዎችዎ ላይ የሚያጋጥሙዎትን ሌሎች ቃላት በፍጥነት ልለፍ። በቨርጂኒያ ሕግ አውጪው ጄኔራል አሴምብሊ ነው፤ 40 ሴናተሮችና 100 ዴሌጌቶች አሉት። ረቂቁ «ቢል» ነው፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች አሳልፈውት ገዢው ሲፈርምበት ሕግ ይሆናል፤ ከዚያም «ኮድ» በሚባለው የተጠቃለለ ሕግ ውስጥ ይገባል። የ85 ማይሉ ወሰን ለምሳሌ ቀድሞ 80 ነበር፤ በዚህ መንገድ አልፎ ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ተለወጠ። «ኦርዲናንስ» የከተማ ወይም የካውንቲ ደንብ ነው፤ ግዛቱ ከፈቀደለት ወሰን አያልፍም። እነዚህ ለእርስዎ ዋና አይደሉም።

ዋናው የሚከተለው ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው የግዛት ችሎት ፊት ሲቆም ሁለት መዝገበ ቃላት በአንድ ጊዜ ይነበቡበታል። አንዱ የቨርጂኒያ ነው፤ ሌላው የፌዴራሉ የስደተኞች ሕግ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቃል ይዋሳል እንጂ ትርጉም አይዋስም። ለምሳሌ «ኮንቪክሽን»፣ ጥፋተኛ መባል። ግዛቱ «ጥፋተኛ ብያለሁ አላልኩም፤ ፍርዱን አቆይቼዋለሁ፤ ዓመት በሰላም ከቆየህ ክሱ ይዘጋል» ሊል ይችላል። ተከሳሹ ግን ጥፋቱን አምኖ ወይም ለጥፋተኝነት የሚበቃ ፍሬ ነገር አምኖ ዳኛው ማናቸውንም ዓይነት ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት፣ የስደተኞች ሕግ እሱን ጥፋተኛ ተብሏል ብሎ ይቆጥረዋል። «አልከራከርም» ማለትም ያው ነው። ግዛቱ በኋላ መዝገቡን ቢሰርዝለትም የፌዴራሉ ሕግ በአብዛኛው መሰረዙን አያይለትም።

ከዚህ የሚብሰው በገደብ የታለፈ ቅጣት ነው። ዳኛው 12 ወር ፈርዶ ሁሉንም በገደብ ሲያልፈው ሰዉ ከችሎት «አልታሰርኩም» ብሎ እግዚአብሔርን እያመሰገነ ይወጣል። የስደተኞች ሕግ ግን የእስራቱን ልክ ሲቆጥር በገደብ የታለፈውንም ይጨምራል። የስርቆት ወይም የኃይል ድርጊት ወንጀል አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከተፈረደበት «አግራቬትድ ፌሎኒ» የሚባለው፣ ለመባረር ከሁሉ የከፋው ምድብ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። በስሙ ፌሎኒ ይባል እንጂ ግዛቱ ሚስዲሚነር ብሎ የፈረደበት፣ አንድ ሌሊት እንኳ ያልታሰረ ሰው ሊገባበት ይችላል። ቀልድ አይደለም። ዋሽንግተን የተባለው ግዛት በ2011፣ ካሊፎርኒያ በ2015፣ ኒው ዮርክ በ2019 የሚስዲሚነርን ጣሪያ ከ365 ቀን ወደ 364 ዝቅ ያደረጉት ለዚህ ነው፤ ስለ አንዲት ቀን።

አይደንግጡ፤ በግድየለሽነት ማሽከርከር፣ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ከሌለበት፣ ብቻውን በአብዛኛው ለመባረር ምክንያት አይሆንም። ከዚህ ምድብ ጋር አያምታቱት። ለእርስዎ የሚመጣው ጣጣ ሌላ ነው። አንደኛ፣ የዜግነት ማመልከቻው መታሰርን ብቻ ሳይሆን መከሰስንና መጥሪያ መቀበልንም ይጠይቃል፤ ጥፋቱ ቀላል ቢሆንም መደበቁ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው። ሁለተኛ፣ ዳኛው በፕሮቤሽን ካቆየዎት፣ ያ ጊዜ ሳያልቅ የዜግነት ማመልከቻዎ ሊጸድቅ አይችልም። ፕሮቤሽንን «አመክሮ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ አመክሮ ግን ታስሮ በመልካም ጠባይ ቀድሞ ለሚፈታ ሰው ነው። ይህኛው በእስር ፈንታ የሚሰጥ የፈተና ጊዜ ነው። ሦስተኛ፣ ይህን የሚያነቡ፣ በ2022 ለኢትዮጵያውያን ተፈቅዶ በነበረው፣ መንግሥት በ2025 መጨረሻ ማቋረጡን ባስታወቀው ጊዜያዊ ከለላ (ቲፒኤስ) የተመዘገቡ ሰዎች ይስሙኝ፦ በዚያ ፈቃድ ሕግ ሁለት ሚስዲሚነር መብቱን ያሳጣል። የሚታየውም ሕጉ ለጥፋቱ የሚፈቅደው የእስር ጣሪያ ነው፤ ሰውዬው የታሰረው አይደለም። አንድ የፍጥነት ጉዳይ ከሁለቱ አንዱን ቦታ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው።

ሥራዎን በተመለከተ፣ ይህ ጥፋት በቨርጂኒያ 6 የጥፋት ነጥብ ያስይዛል፤ በመንጃ ፈቃድ መዝገብዎ ላይም 11 ዓመት ይቆያል። ሰው በማመላለስ ለሚያድር ሰው ከመቀጮው ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ ኢንሹራንሱም የሚያሠራዎትም ድርጅት ያንን መዝገብ ያያሉና።

መዝገብዎን ለማውጣት ወደ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት መሄድዎ አይቀርምና፣ ከጉዳዩ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እዚያ ለመራጭነት መመዝገብ ይፈልጋሉ ወይ ተብለው ይጠየቃሉ። «ሬዚደንት» ነዋሪ ነው፤ «ሲቲዝን» ዜጋ ነው። ቋሚ ነዋሪ ስለሆኑ የሚመለከትዎት መስሎዎት እንዳይፈርሙ፤ በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት በስደተኞች ሕግ ከሚስዲሚነርዎ እጅግ የከፋ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ እንደ ታኮማ ፓርክ ያሉ ጥቂት ከተሞች ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ለከተማው ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ይፈቅዳሉ፤ እዚያ የሚኖር ዘመድ «እኔ መርጫለሁ» ቢልዎት እውነቱን ሊሆን ይችላል። ለእርስዎ ግን አይሠራም።

አሁን ምን ይደረግ? በቨርጂኒያ ሕግ ውስጥ ለእርስዎ የምትጠቅም አንዲት ሐረግ አለች፤ «ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ»፣ አግባብ ያልሆነ አነዳድ። ጥፋቱ አነስተኛ ሆኖ ካገኘው ዳኛው በግድየለሽነት ማሽከርከሩን ወደዚህ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ያን ጊዜ ጥፋቱ ከወንጀልነት ወጥቶ እስከ 500 ዶላር መቀጮ ያለው ትራፊክ ኢንፍራክሽን ይሆናል፤ ጓደኛዎ በመጨረሻ ልክ ይሆናል። ክሱ ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት ዝቅ የሚልበትም አጋጣሚ አለ። የእርስዎ ፍጥነት ከድንበሩ ብዙ አልራቀምና በር አለ። የመኪናዎን የፍጥነት መለኪያ በጋራዥ አስመርምረው መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ የሚያሳይ ከሆነ ማስረጃውን ይዘው መቅረብ ይችላሉ፤ ሕጉ ዳኛው እንዲያየው ይፈቅዳል። የአነዳድ ማሻሻያ ትምህርት ከቀጠሮው አስቀድሞ ጨርሶ የምስክር ወረቀት ማቅረብም ይረዳል። ከዚህ ሁሉ አንዱም ግዴታ አይደለም፤ ሁሉም በዳኛው ሚዛን ላይ ነው። ዝቅ አደርግልሃለሁ ብሎ ቃል የሚገባልዎትን ጠበቃ ይሽሹ፤ ማስታወቂያው በፖስታ ቢመጣም ባይመጣም።

ጠበቃ ግን ይያዙ። ምክሬ ይህ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም የለውም። ስሙ በመጥሪያው ላይ በተጻፈው በዚያው ፍርድ ቤት ዘወትር የሚቆም የትራፊክ ጠበቃ ይምረጡ፤ ውል ከመፈረምዎ በፊት ዜጋ አለመሆንዎን ይንገሩትና «የምስማማበት ነገር በዜግነት ማመልከቻዬ ላይ ምን ያመጣል?» ብለው ይጠይቁት። ካላወቀ ከስደተኞች ሕግ ጠበቃ ጋር ይመካከር። ውለታ አይደለም፤ ግዴታው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በፓዲላና በኬንታኪ መካከል በነበረው ክርክር የወንጀል ጠበቃ ጥፋትን ማመን ከአገር ሊያስባርር እንደሚችል ለደንበኛው መንገር አለበት ሲል ወስኗል። ፓዲላ ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት የተሳተፈ ሰው ነበር፤ ጠበቃው «ብዙ ስለኖርክ አታስብ» ብሎት ነው ያመነው። አቅም ከሌለዎት፣ እስር ሊፈረድ በሚችልበት ጉዳይ ጠበቃ እንዲመደብልዎት ዳኛውን መጠየቅ ይችላሉ፤ ነገር ግን ዳኛው ወይም ዐቃቤ ሕጉ «እስር አይኖርም» ብለው አስቀድመው ካስታወቁ ይህ መብት ይቀራል። በስደተኞች ፍርድ ቤት ደግሞ መንግሥት የሚከፍልለት ጠበቃ የለም፤ ጉዳዩ «ሲቪል» ነው ይባላልና። ሌላው ከቃል የሚመጣ ጣጣ።

የአማርኛ አስተርጓሚ ከቀጠሮው አስቀድመው ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ በወንጀል ጉዳይ ክፍያው የእርስዎ አይደለም። እንግሊዝኛዬ ይበቃኛል አይበሉ፤ የአክስትዎን ልጅም አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱ። ዳኛው ጥፋተኛ ነዎት ወይስ አይደሉም ብሎ ሲጠይቅ ቃሉ ሳይገባዎት አዎን የሚለውን እንዳያወጡ። አስተርጓሚው ምክር ሊሰጥዎት አይችልም፤ እኔም ጠበቃ ስላልሆንኩ እዚህ የጻፍኩት የቃላቱን ትርጉምና የሚያመጡትን ነው፤ መዝገብዎን አላየሁትም።

የዜግነት ማመልከቻውን ይህ ጉዳይ ተዘግቶ የውሳኔውን ግልባጭ በእጅዎ እስኪይዙ አያስገቡ። ጥፋተኛ ከተባሉ ግልባጩን በዚያው ቀን ያውጡና ከ10ኛው ቀን በፊት ስለ ይግባኙ ከጠበቃዎ ጋር ይወስኑ፤ ቆጠራው የሚጀምረው ዳኛው በፈረደበት ዕለት ነው፤ ደብዳቤ ቤትዎ እስኪደርስ አይጠብቅዎትም።